ሹገር ግላይደር ምን ትብላ? ስለ ተመጣጣኝ አመጋገቧ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሹገር ግላይደር ከመዳፍ የማትበልጥ የሌሊት እንስሳ ናት። ልጇን እንደ ካንጋሮ በሆዷ ኪስ ታሳድጋለች፤ ከፊት እግሯ እስከ ኋላ እግሯ በተዘረጋው ቆዳዋም ከዛፍ ዛፍ ትንሸራተታለች። በደንብ ከተያዘች ሰው ቤት ከ10 ዓመት በላይ ትኖራለች። ዕድሜዋ ከዚያ በፊት ሲያጥር ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳህኗ ላይ ነው ያለው። እኔ ይህን ያወቅሁት የራሴን እንስሳ ጎድቼ ነው፤ ታች ላይ እነግራችኋለሁ።

በተፈጥሮ መኖሪያዋ የምትበላው ምንድን ነው?

አገሯ አውስትራሊያና ኒው ጊኒ ነው። ከታችኛው መንጋጋዋ ወደ ፊት የወጡ ረጃጅም ጥርሶች አሏት፤ በእነሱ የባሕር ዛፍን ልጥ ትቦረቡርና የሚወጣውን ፈሳሽ ትልሳለች። የግራር ሙጫ ትበላለች። የአበባ ወለላና ብናኝ ትቀስማለች፤ ነፍሳት ቅጠል ላይ የሚተዉትን ጣፋጭ ፈሳሽም አታልፈውም። ነፍሳት በሚበዙበት ወቅት የእሳት እራት፣ ጢንዚዛ፣ እጭና ሸረሪት ታድናለች፤ ካገኘች የወፍ እንቁላልና ጫጩትም ትበላለች። ብርድ ሲመጣና ነፍሳት ሲጠፉ ደግሞ ወደ ሙጫውና ወደ ዛፉ ፈሳሽ ትመለሳለች። ሙጫ በቀላሉ የሚፈጭ ምግብ አይደለም፤ እሷ ግን አብላልቶ የሚሰብርላት ትልቅ ዕውር አንጀት አላት።

ዝርዝሩን ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ ሙዝ፣ ወይንና ፖም የለበትም። እኛ ቤት ዋና ምግቧ የምናደርገው ፍራፍሬ ዱር ውስጥ ከምትኖርበት ምግብ ይህን ያህል ይርቃል።

ስሟ «ሹገር»፣ ማለትም ስኳር ነው፤ ታዲያ ጣፋጭ ብትበላ ምን ችግር አለው?

ስሟ የመጣው ጣፋጭ ከመውደዷ ነው። መውደዷ ደግሞ እውነት ነው፤ ሁለት ሳህን ብታቀርቡላት ሁልጊዜ ጣፋጩን ትመርጣለች። ዱር ውስጥ ግን ጣፋጩ ብቻውን አይመጣም። የግራር ሙጫ ራሱ ካልሲየም አለው፤ ከአበባው ወለላ ጋር ፕሮቲን ያለው ብናኝ አብሮ ይገባላታል። እኛ ስኳሩን ብቻ ነጥለን ስንሰጣት ጥርሷ ይበሰብሳል፣ ትወፍራለች፣ አጥንቷም ይራባል።

ስለ ካልሲየም ይህን ያህል የሚነገረው ለምንድን ነው?

ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህንን አንብቡ።

ልብና ጡንቻ ያለ ካልሲየም አይሠሩም። ስለዚህ ሰውነት በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም እንዲወርድ አይፈቅድም። አጥንት የካልሲየም ጎተራ ነው። ምግቧ ካልሲየም ሲያንሰው ወይም ፎስፈረስ ሲበዛበት፣ አንገቷ ውስጥ ያሉት ፓራታይሮይድ የሚባሉ ዕጢዎች ሆርሞን እየለቀቁ ከጎተራው ያስቀዳሉ። በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት ይቀዳል፤ ከውጭ ሲያዩዋት ምንም የላትም። ጎተራው ሲራቆት አጥንቱ ይሳሳል፣ ይታጠፋል፣ ይሰበራል። በመጨረሻ የኋላ እግሯን መጎተት፣ መንቀጥቀጥ፣ አንዳንዴም እንደሚጥል በሽታ መንዘፍዘፍ ይመጣል።

የእኔዋ 2 ዓመት የሞላት ሴት ነበረች። ስገዛት «ፍራፍሬና ትል ይበቃታል» ተብዬ ነበርና እንደዚያው አደረግሁ። ማታ ማታ ፖም፣ ሙዝና ወይን፤ ከእጄ ደግሞ የዱቄት ትል። ፀጉሯ ያበራ ነበር፣ ክብደቷም ደህና ነበር። አንድ ማታ ሁልጊዜ ከምትዘልበት ቅርንጫፍ ተነሥታ ማዶ ሳትደርስ ወደቀች። ሸተት ብሏት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ከመኝታ ከረጢቷ ስትወጣ የኋላ እግሮቿ አልተከተሏትም። በፊት እጆቿ የጎጆዋን ሽቦ እየያዘች ስትወጣ እግሮቿ እንደ እርጥብ ጨርቅ ከኋላዋ ይንጠለጠሉ ነበር። ራጅ ስትነሣ አጥንቷ ከሥጋዋ ለይቶ ለማየት የሚያስቸግር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ካልሲየም በመርፌ ሰጣት፤ በአፍ የሚሰጥ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ3 አዘዘላት፤ መውጣት መዝለል እንዳትችል ዝቅ ባለ ሣጥን ውስጥ ለሳምንታት አስቀመጥናት። እግሯ ተመለሰ። እንደ ድሮዋ ግን አትዘልም።

የምንፈልገው ሚዛን ለ1 ፎስፈረስ ከ1.5 እስከ 2 ካልሲየም ነው። ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ያነሰ ምግብ በየሌሊቱ መቅረብ የለበትም። ቫይታሚን ዲ3 ደግሞ ካልሲየሙ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል፤ ቀን ተኝታ የምትውል እንስሳ ፀሐይ ስለማያገኛት ከምግቧ ልታገኘው ይገባል።

በቁጥር ልታሳዩኝ ትችላላችሁ?

አዎ፤ ብዙ ሰው ነገሩ የሚገባው በቁጥር ሲያየው ነው። አንድ ሌሊት ይህን ሰጣችሁ እንበል፦ 10 ግራም ሙዝ፣ 3 ግራም የበሰለ የዶሮ ሥጋና 5 የዱቄት ትሎች፣ ትሎቹ በጠቅላላ ግማሽ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ከሙዙ 2 ሚሊግራም ያህል ፎስፈረስ፣ ከዶሮው ወደ 7፣ ከትሎቹ 1.4 ያህል ይገኛል። ሲደመር ከ10 ሚሊግራም በላይ ፎስፈረስ ነው። ካልሲየሙ ግን ሦስቱም ተደምረው 1 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ማለትም ፎስፈረሱ 10 እጥፍ በለጠ!

ሚዛኑ 2 ለ1 እንዲሆን ወደ 20 ሚሊግራም ካልሲየም ይጎድላል። ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ዱቄት 40 በመቶው ካልሲየም ነው፤ ስለዚህ 50 ሚሊግራም ዱቄት ጉድለቱን ይሞላል። በሁለት ጣት ጫፍ የሚቆነጠር ኢምንት ነገር ነው። የእኔዋን እግር ያሳጣት ያ ቁንጥር አለመኖሩ ነው።

እንዲያ ከሆነ ዱቄቱን አብዝቼ ብነሰንስላት አይሻልም?

አይሻልም። ካልሲየም ሲበዛ ሌሎች ማዕድናት በደንብ እንዳይገቡ ያግዳል፤ ቫይታሚን ዲ3 ሲበዛ ደግሞ ካልሲየሙ ኩላሊትን በመሰሉ ለስላሳ አካላት ላይ እንዲጋገር ያደርጋል። የምትሠሩበት የምግብ አዘገጃጀት ማሟያ ዱቄት ካለው ሌላ አትደርቡበት። ዱቄት ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ ፎስፈረስ የሌለበት ካልሲየም ነው የሚፈለገው።

ለጀማሪ የሚሆን አዘገጃጀት አለ?

በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የታወቀው የሌድቢተር ድብልቅ የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው ሌድቢተር ፖሰም ከምትባል፣ በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ከምትገኝ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባት ትንሽ እንስሳ ነው። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

150 ሚሊሊትር ለብ ያለ ውሃ
150 ሚሊሊትር ማር
1 ጠንክሮ የተቀቀለ፣ ቅርፊቱ የተላጠ እንቁላል
25 ግራም ፕሮቲኑ የበዛ የሕፃናት ሴሪያል
1 የሻይ ማንኪያ የቫይታሚንና የማዕድን ማሟያ ዱቄት

ማሩን በውሃው አሟሙት። እንቁላሉን ለብቻው ፍጩት፤ የማሩን ውሃ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ አዋሕዱት። ቀጥሎ ማሟያውን፣ በመጨረሻ ሴሪያሉን ጨምራችሁ ጓል እስኪጠፋ ምቱት። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከ3 ቀን በላይ ግን አታቆዩት። በበረዶ መሥሪያ ትሪ እየከፈላችሁ ብታቀዘቅዙት ማታ ማታ አንዷን ጉብ አውጥቶ ማቅለጥ ብቻ ይቀራል።

ድብልቁ ከሌሊት ምግቧ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። የቀረው ግማሽ ነፍሳት ወይም ለነፍሳት በላተኞች የተዘጋጀ ምግብ፣ ከእሱም ጋር ጥቂት አትክልትና ፍራፍሬ ነው። አደራ የምለው ስለ ማሟያ ዱቄቷ ነው። አንዳንድ ሰው «ዛሬ አለቀብኝ» ብሎ ያለ እሷ ይሠራዋል። እንቁላሉም ሴሪያሉም ፎስፈረስ የሚበዛባቸው ናቸው፤ ሚዛኑን የምትጠብቀው በተለይ ያቺ አንድ ማንኪያ ናት።

የተለያዩ አዘገጃጀቶችን አደባልቄ የወደደችውን ብሰጣትስ?

እንዲህ ባታደርጉ ይሻላል። ከሌድቢተር ሌላ አርቢዎች ዘንድ የሚዘወተሩ ቢኤምኤልና ኤችፒደብሊው የሚባሉትን የመሳሰሉ አዘገጃጀቶች አሉ። እያንዳንዱ የተሠላው ከራሱ ማሟያና ከራሱ የአትክልት ዝርዝር ጋር ነው፤ ከአንዱ መረቁን፣ ከሌላው አትክልቱን ስትወስዱ ስሌቱ ይፈርሳል። አንዱን ምረጡና እንደ ተጻፈው ሙሉውን ሥሩ።

በቀን ስንት ግራም? በስንት ሰዓት?

በአንድ ሌሊት የምትበላው የክብደቷን ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ነው፤ 100 ግራም የምትመዝን ከ15 እስከ 20 ግራም ማለት ነው። ያደገች ሴት በአብዛኛው ከ80 እስከ 130 ግራም፣ ወንዱ ከ100 እስከ 160 ግራም ይመዝናል። ምግቡን ሲመሽ፣ ልትነቃ ስትል አስቀምጡ፤ ጠዋት እርጥቡን ሁሉ አንሡ። መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ የዛፍ እንስሳ ናትና ከፍታ ላይ ስትበላ ትረጋጋለች። ሁለት ካሏችሁ ሁለት ሳህን አድርጉ፤ ጉልበተኛው ደካማዋን ሊከለክላት ይችላል።

የትኞቹን ነፍሳት ልስጣት?

ሚልዎርም የሚባለው የዱቄት ትል በቀላሉ ስለሚገኝ ሁሉም ሰው የሚጀምረው በእሱ ነው። ፎስፈረሱ ግን ከካልሲየሙ ከ10 እጥፍ በላይ ነው፤ ስቡም ከክብደቱ 13 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ፌንጣ የሚመስለው ክሪኬት ስቡ ግማሽ ያህል ነው፤ ፎስፈረሱ ግን እሱም 7 እጥፍ ይሆናል። የሰም ትል ሩብ ያህሉ ስብ ስለሆነ ለሽልማት ብቻ፣ አንድ አንድ። ከእነዚህ ሁሉ በካልሲየም የሚለየው ብላክ ሶልጀር ፍላይ የሚባለው ዝንብ እጭ ነው፤ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ይበልጣል።

ሌሎቹንም ማስተካከል ይቻላል። ከመስጠታችሁ በፊት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ነፍሳቱን ራሳቸውን ካልሲየም የበዛበት ምግብ አብሏቸው፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ይዘውላት ይሄዳሉ። ሲቀርቡም ካልሲየም ካርቦኔት ነስንሱባቸው፤ በእርግጥ ይህ አዘገጃጀታችሁ ዱቄቱን አስቀድሞ ካልያዘ ነው።

ከጓሮ የያዝኳቸውን ነፍሳትስ?

አትስጧት። ፀረ ተባይ የተረጨበት ተክል ላይ ውለው ሊሆን ይችላል፤ ለ100 ግራም እንስሳ ትንሽ መርዝ ትልቅ ነው።

ፍራፍሬና አትክልት ጭራሽ አይሰጥም ማለት ነው?

ይሰጣል፤ ግን ከዋናው ምግብ ጎን። ፓፓያ፣ ብርቱካንና በለስ ካልሲየማቸው ከፎስፈረሳቸው ስለሚበልጥ እኔ በእነሱ እጀምራለሁ። ሙዝ፣ ወይንና ፖም በዚህ በኩል ደካሞች ናቸው፤ በቆሎ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ካልሲየም የለውም ማለት ይቀላል። ከቅጠላ ቅጠል ጎመን በጣም ጥሩ ነው። ስፒናችና ቆስጣ ግን ካልሲየም እንዳላቸው ቢነገርም ኦክሳሌት የሚባል ነገር ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዘው ለእሷ አይደርሳትም። በሽሮፕ የታሸገ ፍራፍሬ አይሁን። የፍራፍሬውን ዘር አውጡላት።

ጣፋጩን እየመረጠች ሌላውን ትተወዋለች፤ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የምትበላውን በዓይናችሁ እዩ። ሹገር ግላይደር ወይን ስትበላ ፍሬውን በሁለት እጆቿ ይዛ፣ እንደ አይጥ ሳይሆን ሸንኮራ አገዳ እንደሚመጥ ሰው ነው የምትበላው። ጭማቂውን ትመጥና ቃጫውን ጠፍጣፋ አድርጋ ትተፋዋለች። የነፍሳትንም ጠንካራ ቅርፊት እንደዚሁ ትተፋለች። ጠዋት ሳህኑ አጠገብ የምታገኙት ደረቅ ቁራጭ «አልበላችም» ማለት አይደለም። ያልተነካ ጎመንና የተላሰ የሙዝ ቦታ ካያችሁ ግን መርጣለች።

መፍትሔው አለማስመረጥ ነው። አትክልቱንና ፍራፍሬውን በጣም አድቅቃችሁ ከዋናው ድብልቅ ጋር ለውሱት፤ አንዱን ልሳ ሌላውን መተው አትችልም። ከእጅ የሚሰጠውን ጣፋጭና ትል ዋናውን ምግብ ከበላች በኋላ አድርጉት። ከእሱ በፊት ከሆነ ጠግባ ትመጣለች።

የድመት ምግብ ይበቃታል?

አይበቃትም። ጥራት ያለውን ጥቂት ፍሬ እንደ ፕሮቲን ተጨማሪ የሚሰጡ አሉ፤ ብቻውን ግን ምግብ አይሆናትም።

ፈጽሞ የማይሰጣት ምንድን ነው?

ቸኮሌት፣ ቡናና ሻይ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ የፖም ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር፣ ጥሬ ሥጋ። ወተትም አያስፈልጋትም፤ በውስጡ ያለው ስኳር ያስቀምጣታል፣ ተቅማጥ ደግሞ ይህችን የምታህል እንስሳ በፍጥነት ያደርቃታል። ንጹሕ ውሃ ግን ቀንም ሌሊትም አይጥፋ። በጠርሙስ የምትሰጡ ከሆነ ጫፉን በጣታችሁ እየነካችሁ መፍሰሱን በየቀኑ አረጋግጡ፤ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ስትጣበቅ ከውጭ ሙሉ መስሎ ይታያል።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ልስጣት?

ቅጠሉን የሚበላው ኮዋላ ነው። የእሷ ድርሻ ከልጡ የሚወጣው ፈሳሽ ነው። መድኃኒት ያልተረጨበት፣ ከነልጡ ያለ ቅርንጫፍ ብታስገቡላት ግን ሌሊቱን ስትቦረቡር ታድራለች፤ ለጥርሷም ለመንፈሷም ደግ ነው። የግራር ሙጫ ዱቄትም በውሃ አርጥባችሁ ቅርንጫፉ ስንጥቅ ውስጥ ብትቀቡላት እየፈለፈለች ትበላዋለች። ከማደርጋቸው ነገሮች ሁሉ እኔ በጣም የምወደው ይህንን ነው።

እየወፈረች ነው፤ ልጨነቅ?

አዎ። ስብ የበዛበት ምግብ ልብና ጉበቷን ይጎዳል። ከወፈረች እናት በሚወለዱ ግልገሎች ዓይን ላይም ነጭ የስብ ነጠብጣብ ይታያል። መጀመሪያ የሰም ትሉንና ለውዝ መሰል ነገሮችን አቁሙ። አታስርቧት፤ ድብልቁን እንዳለ ትታችሁ ተጨማሪውን ቀንሱ። በግራም በሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኑና ጻፉት። ዓይን ይሸነግላል፤ ከ100 ግራም ላይ የጎደለን 8 ግራም ያለ ሚዛን የሚያይ የለም።

እርጉዝ ናት ወይም ታጠባለች፤ ምን ይቀየራል?

እርግዝናው 16 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ በኪሷ ውስጥ 70 ቀን ያህል ይቆያል። ከባዱ ጊዜ ከዚያ በኋላ፣ ማጥባቱ ሲበረታ ነው። ያን ጊዜ ፕሮቲኑን፣ ማለትም ካልሲየም የተነሰነሰባቸውን ነፍሳትና እንቁላል፣ ከፍ አድርጉ፤ የምግቡንም መጠን እንዳትጨርሰው አድርጋችሁ ጨምሩ። ወተቱ ውስጥ የሚገባው ካልሲየም ከምግቧ ካልመጣ ከአጥንቷ ነው የሚሄደው። ግልገሉ 4 ወር ሊሞላው ሲል የእናቱን ምግብ መቅመስ ይጀምራል፤ የተለየ ምግብ አያስፈልገውም።

ምግቧን መቀየር እፈልጋለሁ፤ እንዴት?

ከ2 እስከ 4 ሳምንት ስጡት። ከአሮጌው ሩብ ቀንሳችሁ ከአዲሱ ሩብ ጨምሩ፤ ሰገራዋ ካልላላና ክብደቷ ካልወረደ ቀጥሉ። በአንድ ሌሊት ከቀየራችሁት ወይ ተቅማጥ ይይዛታል ወይ አልበላም ትላለች።

ትናንት ማታ ምንም አልበላችም። ልጠብቅ?

መጀመሪያ ክፍሉ ቀዝቅዞ እንደሆነ እዩ። ሹገር ግላይደር ሲበርዳት ወይም ምግብ ሲያንሳት ጉልበት ለመቆጠብ ሰውነቷን አቀዝቅዛ ድንዝዝ ብላ ትተኛለች፤ የሞተች ትመስላለች። ልብሳችሁ ውስጥ፣ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አሙቋት። ብቻዋን የቀረች፣ በተለይ ጓደኛዋ የሞተባት ከሆነችም ከሐዘን የተነሣ ምግብ ልትተው ትችላለች፤ በመንጋ የምትኖር እንስሳ ናት።

ሞቃ ነቅታም ካልበላች፣ ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ቆዳዋን ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ወይም ከቅርንጫፍ መሳት ከጀመረች እስከ ነገ አትጠብቁ፤ እንግዳ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ጋ በዚያው ቀን ውሰዷት። ስትሄዱ የሳምንቱን የክብደት ጽሑፍና በየሌሊቱ የበላችውን ዝርዝር፣ የማሟያ ዱቄቱንም ዕቃ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ከራጁ በፊት የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።